ኡኩሌሌና የአያቴ ክራር



ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ዕድል የሰጡኝን የመጽሔታችንን አዘጋጆች አመሰግናለሁ። እኔ የሙዚቃ ሊቅ አይደለሁም፤ መሣሪያ በእጄ ከያዝሁም ገና አንድ ዓመት አልሞላኝም። ነገር ግን ጀማሪ የሆነ ሰው የተቸገረበትን ነገር ገና አልረሳውምና፣ ለሌሎች ጀማሪዎች አንዳንድ ጊዜ ከሊቅ ይልቅ ሊጠቅም ይችላል በማለት ደፍሬ ጽፌአለሁ። ስሕተት ቢገኝብኝ መምህራንና ወላጆች በትዕግሥት እንዲያርሙኝ እለምናለሁ።

የምጽፈው ኡኩሌሌ ስለሚባል ባለ አራት ክር የሙዚቃ መሣሪያ ነው። በመጀመሪያ ከየት እንደ መጣ፣ ቀጥሎ ክሩ በምን ሕግ እንደሚጮህ፣ ከዚያም እንዴት ተቃኝቶ እንደሚመታ፣ በመጨረሻም ይህ የባዕድ አገር መሣሪያ በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወደ ኖረው ክራር እንዴት እንደ መራኝ እገልጻለሁ።

መሣሪያው እንዴት በእጄ ገባ

ባለፈው ክረምት በዋሽንግተን የሚኖሩት አክስቴ ሊጠይቁን ሲመጡ፣ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ተምረውበት ኋላ የተዉትን አንድ ኡኩሌሌ ለታናሽ እኅቴ ይዘውላት መጡ። እኅቴ ሁለት ቀን ያህል ነካካችውና ስለ ሰለቻት ከአሻንጉሊቶቿ ጋር በካርቶን ውስጥ ከተተችው። እኔም የሕፃን መጫወቻ መስሎኝ ዞር ብዬ አላየሁትም ነበር። አንድ ቀን ግን ዝናብ ከቤት ቢያስቀረኝ አነሣሁትና አንዱን ክር በአውራ ጣቴ ነካሁት። ድምፁ እንደ መሣሪያው ትንሽ ቢሆንም እጅግ የጠራ ነበር። ደግሜ ነካሁት፤ ከዚያም ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። እናቴ ለእራት እስኪጠሩኝ ድረስ መምሸቱን አላወቅሁም።

ሰው የወደደውን ነገር ምንጩን ለማወቅ ይጓጓልና እኔም ከየት እንደ መጣ መመርመር ጀመርሁ።

ኡኩሌሌ ከየት መጣ?

ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው ኡኩሌሌን የሐዋይ ደሴቶች ጥንታዊ መሣሪያ አድርጎ ይገምታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ማዴይራ የምትባል የፖርቱጋል ደሴት አለች። የዚያች ደሴት ሰዎች ማሼቴ ወይም ብራጊኛ የሚሉት ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር ነበራቸው። በነሐሴ ወር 1879 ራቨንስክራግ የተባለች መርከብ ከ400 የሚበልጡ የማዴይራ ሰዎችን አሳፍራ፣ አራት ወር ያህል ከተጓዘች በኋላ ሆኖሉሉ ወደብ ደረሰች። ሰዎቹ የመጡት በሸንኮራ አገዳ እርሻ ለመሥራት ነበር። ከመካከላቸው ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የሚባሉ ሦስት አናጢዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ኋላ በሆኖሉሉ የእንጨት ሥራቸውን ሲጀምሩ፣ ያገራቸውን መሣሪያ ኮአ ከሚባለው የሐዋይ ዛፍ ይሠሩት ጀመር። ኮአ የግራር ዘመድ የሆነ ዛፍ ነው።

የደሴቲቱ ተወላጆች መሣሪያውን በጣም ወደዱት፤ ስምም አወጡለት። «ኡኩ» በቋንቋቸው ቁንጫ ማለት ነው፤ «ሌሌ» ደግሞ መዝለል። የተጫዋቹ ጣቶች በክሮቹ ላይ ሲፈጥኑ የምትዘል ቁንጫ ስለሚመስሉ ነው ይባላል። የሐዋይ የመጨረሻዋ ንግሥት ሊሊዑኦካላኒ ግን ስሙን «የመጣ ስጦታ» ብለው መተርጐምን መርጠዋል። እኔም በአክስቴ እጅ ስለ መጣልኝ የንግሥቲቱን ትርጉም እወዳለሁ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ይበልጥ የነካኝ የሚከተለው ነው። የሐዋይ ሰዎች ሁላ የሚባል የራሳቸው ውዝዋዜና ዜማ አላቸው። በ1830 ሁላ በአደባባይ እንዳይታይ ተከልክሎ ስለ ነበር፣ ብዙ ዘመን እንደ ነውር ሲቆጠር ኖረ። ከ1874 እስከ 1891 የነገሡት ንጉሥ ካላካዋ ግን ሁላ እንደገና በክብር እንዲታይ አደረጉ። ኡኩሌሌንም ራሳቸው ይጫወቱና በቤተ መንግሥታቸው ግብዣ ያሰሙ ነበር። እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጣው መሣሪያ የአገሩን ዜማ አላጠፋም፤ ይልቁንም የተናቀው ዜማ በአዲስ ድምፅ እንዲሰማ ረዳው።

በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ በሐዋይ አዳራሽ ኡኩሌሌ ቢሰማ፣ የአሜሪካ ሕዝብ በብዛት ይገዛው ጀመር። ከዚያም በየትምህርት ቤቱ ገባ። ዛሬ በአብዛኛው በአራት መጠን ይሠራል። ትንሹ ሶፕራኖ 53 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ኮንሰርት 58፣ ቴነር 66፣ ባሪቶን 76 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናሉ። የእኔ ሶፕራኖ የሚባለው ነው።

የክሩ ሕግ

አሁን ወደ ፊዚክስ እንመለስ፤ እኔም በግድ የተመለስሁት ወደዚያው ነውና።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የፊዚክስ ውጤቴ ዝቅ ብሎ ተገኘ። አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ወረቀቱን በስፌት መኪናቸው ላይ ዘርግተው ዝም ብለው አዩት። ከዚያም «ዘንድሮ የፈተና ዓመት ነው» አሉና ኡኩሌሌውን ወስደው ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጡት። እኔም ጥፋቱ የራሴ ስለ ነበረ መልስ አልነበረኝም።

በዚያ ሳምንት ስለ ሞገድና ስለ ድምፅ የሚናገረውን ምዕራፍ ከፍቼ ሳነብ፣ ከዚያ በፊት በቃሌ ይዤው ያልገባኝ ነገር ኡኩሌሌውን እያሰብሁ ሳነበው ገባኝ። የተወጠረ ክር ሲመታ ይርገበገባል። በአንድ ሴኮንድ ብዙ ጊዜ ከተርገበገበ ድምፁ ይቀጥናል፤ ጥቂት ጊዜ ከተርገበገበ ይወፍራል። ይህም በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በክሩ ርዝመት፣ በውጥረቱና በክብደቱ። ክሩ ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ ይበልጥ ሲወጠርም ይቀጥናል፤ ክሩ ራሱ ወፍራምና ከባድ ሲሆን ግን ድምፁም ይወፍራል። የኡኩሌሌ «ላ» የሚባለው ክር በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። ርዝመቱ በእኩሌታ ቢያጥር 880 ጊዜ ይሆናል፤ ይህም ያው «ላ» በላይኛው ደረጃ ነው።

በኡኩሌሌ አንገት ላይ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በአግድም ተተክለዋል። ጣታችን ከአንዱ ፍሬት ኋላ ክሩን ሲጫን ክሩ ያጥራል። ታዲያ ፍሬቶቹ በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል ያልሆነውና ወደ ሆዱ በቀረቡ ቁጥር እየተጠጋጉ የሚሄዱት ለምንድን ነው? የቀረውን የክር ርዝመት በየጊዜው በ17.8 እያካፈልን ስለምንቀንስ ነው። ክሩ 35 ሳንቲሜትር ቢሆን የመጀመሪያው ፍሬት 2 ሳንቲሜትር ያህል ላይ ይተከላል። ቀሪው 33 ስለ ሆነ ሁለተኛው ከዚያ 1.9 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። እንዲህ እየቀነስን 12ኛው ፍሬት ላይ ስንደርስ የቀረው ርዝመት ልክ ግማሽ ይሆናል።

ይህን በወረቀት ላይ ሠርቼ ለአባቴ ወሰድሁላቸው። «ይህ ሒሳብ እውነት ከሆነ 12ኛው ብረት ከክሩ እኩሌታ ላይ መገኘት አለበት» አልኋቸው። አባቴም መነጽራቸውን አስተካክለው ኡኩሌሌውን ከቁም ሣጥኑ አወረዱና በአንገታቸው ላይ ያለውን የልብስ ሜትር ዘረጉበት። ጠቅላላው 35 ሆነ፤ እስከ 12ኛው ፍሬት ደግሞ አሥራ ሰባት ተኩል። ሁለት ጊዜ ለኩት። በመጨረሻ «ግማሽ ነው» አሉ። መሣሪያው ወደ ቁም ሣጥኑ አልተመለሰም። ነገር ግን ስምምነት አደረግን፤ ጧት ሩብ ሰዓት፣ ማታ ሩብ ሰዓት፣ ያውም ጥናት ካለቀ በኋላ። ከዚያ ወዲህ በፊዚክስ ፈተናዬ ውጤቴ ከፍ ብሏል፤ ታላቁ ፈተና ግን ገና ይጠብቀኛል።

አቃኘቱና አመታቱ

መሣሪያውን በደረታችን ላይ አስጠግተን ስንይዘው ከላይ ወደ ታች አራቱ ክሮች ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ይባላሉ። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ ይሳሳታል፤ ከላይ ያለው ሶል ከቀጥሎው ከዶ ይልቅ ቀጭን ድምፅ አለው። ክሮቹ ከወፍራም ወደ ቀጭን በተራ ስለማይሄዱ፣ ይህ አቀማመጥ ለኡኩሌሌ ልዩ ድምፅ ይሰጠዋል። ለመቃኘት ዛሬ በስልክ ላይ የሚጫን መቃኛ አለ፤ ክሩን ስንመታ ድምፁ ወርዶ ወይም ወጥቶ እንደ ሆነ ያሳያል። አዲስ የናይሎን ክር ለጥቂት ቀናት እየተለጠጠ ስለሚላላ ደጋግሞ መቃኘት ያስፈልጋል።

ብዙ ድምፅ በአንድነት ሲመታ ኮርድ ይባላል። ለጀማሪ የሚበቁት አራት ናቸው።

1ኛ፤ የዶ ኮርድ። በቀለበት ጣት የላን ክር በ3ኛው ፍሬት መጫን ብቻ ነው።

2ኛ፤ የላ ማይነር። በመሃል ጣት የሶልን ክር በ2ኛው ፍሬት መጫን ነው።

3ኛ፤ የፋ ኮርድ። የላ ማይነር ሳይነሣ በሌባ ጣት የሚን ክር በ1ኛው ፍሬት መጨመር ነው።

4ኛ፤ የሶል ሰባተኛ። በሌባ ጣት የሚን ክር በ1ኛው፣ በመሃል ጣት የዶን ክር በ2ኛው፣ በቀለበት ጣት የላን ክር በ2ኛው ፍሬት መጫን ነው።

በእነዚህ አራት ኮርዶች ብዙ መዝሙር ማጀብ ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የግራ እጅ ጣቶች ጫፍ ያማል፤ ኋላ ግን ይጠነክራል። የግራ እጅ ጥፍር ማጠር አለበት። ከዶ ወደ ሶል ሰባተኛ ለማለፍ ጣቶቼ እምቢ ብለውኝ አንድ ወር ሙሉ ተቸግሬአለሁ። መድኃኒቱ መፍጠን ሳይሆን መዘግየት ነው። በጣም ቀስ ብሎ ሳይሳሳቱ አሥር ጊዜ መለዋወጥ፣ ፈጥኖ እየተሳሳቱ መቶ ጊዜ ከመለዋወጥ ይሻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ ነው።

ትዝታ በአራት ክር

አንድ ማታ በሳሎን ተቀምጬ ኡኩሌሌውን ከቃኘሁ በኋላ ምንም ፍሬት ሳልጫን አራቱን ክሮች አንድ በአንድ እነካካ ነበር። አያቴ በአልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ነበርና ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ይህን ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

«ምንም አልተጫወትሁም አባባ፤ መቃኘቴ ነው» አልኋቸው።

«መቃኘትስ ቃኝተሃል፤ ትዝታ እኮ ነው። አንድ ክር ብቻ ጐደለህ» አሉ።

እኔ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ አልገባኝም ነበር። ኋላ በወረቀት ላይ ጽፌ ስመረምረው እውነት ሆኖ አገኘሁት። በአገራችን ዜማ የታወቁት አራት ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው፤ በእያንዳንዱም ውስጥ አምስት ድምፆች ይገኛሉ። ባለሙያዎች ሜጀር የሚሉት ትዝታ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። የኡኩሌሌ ባዶ ክሮች ደግሞ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ናቸው። የጐደለው ሬ ብቻ ነው! እርሱም በዶ ክር ላይ በ2ኛው ፍሬት ይገኛል።

ኡኩሌሌ ያለው ተማሪ ይህን ሊሞክር ይችላል። መጀመሪያ የዶን ክር ባዶውን ይምታ፤ ቀጥሎ ያንኑ ክር በ2ኛው ፍሬት ተጭኖ ይምታ፤ ከዚያ ሚን ባዶውን፣ ሶልን ባዶውን፣ ላን ባዶውን ይምታ፤ በመጨረሻ ላን በ3ኛው ፍሬት ተጭኖ ወደ ላይኛው ዶ ይድረስ። ወደ ታችም በዚያው መንገድ ይመለስ። ይህ የትዝታ ቅኝት ነው። ለሌሎቹ ቅኝቶች ግን ባዶ ክሮቹ ሁሉ ስለማይስማሙ ብዙ ፍሬት መጫን ያስፈልጋል።

በነጋታው አያቴን «አባባ፣ እርስዎ ይህን እንዴት አወቁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ወደ ግድግዳው አመለከቱኝ። በቤታችን ሳሎን ውስጥ ከፎቶግራፎች አጠገብ አንድ ክራር ተሰቅሏል። እኔ ከተወለድሁ ጀምሮ እንደ ጌጥ አየዋለሁ እንጂ ማን ይመታው እንደ ነበር ጠይቄ አላውቅም። አያቴ በወጣትነታቸው ክራር ይደረድሩ ነበር፤ የካሳ ተሰማንና የአስናቀች ወርቁን ድርደራም በራዲዮ እየሰሙ ይከተሉ ነበር።

«ታዲያ ለምን ተዉት?» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «አባትህ ልጅ ሳለ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እያለቀሰ መጣ። ‹የአዝማሪ ልጅ› ብለው ሰድበውት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰቀልሁት» አሉኝ።

ውድ አንባቢዎች፣ ይህን ስሰማ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። አባቴ ኡኩሌሌውን ወደ ቁም ሣጥን ያወጡት ለፊዚክስ ውጤቴ ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ የባዕድ መሣሪያ ይዤ ጓደኞቼ ሲያደንቁኝ፣ አያቴ ያገራቸውን መሣሪያ ስለ ያዙ ልጃቸው ተሰድቧል።

ክራሩን አውርደን አቧራውን ጠረግን። ሁለት ክሮች ተበጥሰው ነበርና ከገበያ የናይሎን ክር ገዛሁ። ክራር እንደ ኡኩሌሌ አንገትና ፍሬት የለውም። ቆዳ ከለበሰው ገበቴ ሁለት ክንዶች ይወጣሉ፤ በላያቸው ቀንበር ይጋደማል፤ ክሮቹም በቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ። አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፤ የአያቴ ባለ ስድስት ሲሆን ስድስተኛው ከአምስቱ ድምፆች አንዱን በሌላ ደረጃ ይደግማል። እያንዳንዱ ክር አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው ቅኝቱን ለመለወጥ ክሮቹን እንደገና መቃኘት ግድ ነው። ክሮቹ በአንድነት ሲገረፉ የግራ እጅ ሥራም ይለያል፤ በኡኩሌሌ ጣት የሚጫነውን ክር ድምፁን ይለውጠዋል፤ በክራር ግን ጣት የነካው ክር ዝም ይላል፤ የሚጮኸው ያልተነካው ነው።

የአያቴ እጆች ስለ ደነደኑ ዛሬ ክሩን ማዞር አይችሉም፤ ጆሯቸው ግን እንደ ቀድሞው ነው። እኔ አዞራለሁ፤ እርሳቸው «ጨምር»፣ «አላላ»፣ «ተው በቃ» ይላሉ። አንድ ጊዜ በስልኬ መቃኛ ብለካው ልክ ነው ያለኝን ክር «አይደለም፣ ጥቂት አላላው» አሉኝ። እንደ ታዘዝሁ አላላሁትና ስድስቱን አንድ ላይ ብመታቸው እርሳቸው ያሉት ይበልጥ አማረ። የኡኩሌሌ ፍሬት ድምፁን በ12 እኩል ደረጃ ከፍሎ ወስኖታል፤ የክራር ቅኝት ግን በሰው ጆሮ የሚወሰን ስለ ሆነ ከፍሬቱ በጥቂት ሊለይ ይችላል። ይህን ልዩነት ከቤታችን ሰው የሚያውቁት አያቴ ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸው ደግሞ ሰማንያን አልፏል። ስለዚህ ከማታው ሩብ ሰዓት እኩሌታውን ለክራር ሰጥቻለሁ።

አንድ ቀን እኔ ክራሩን ይዤ፣ አያቴ በጣታቸው የወንበሩን ክንድ እየመቱ ጊዜውን ሲይዙልኝ፣ ከወዲያኛው ክፍል የአባቴ የስፌት መኪና ቆመ። ሥራቸውን የጨረሱ መስሎኝ ነበር። ለመብራት ስነሣ ግን ያልተሰፋ ጨርቅ በእጃቸው ይዘው በበሩ አጠገብ ቆመው አየኋቸው። ምንም አላሉም። እኔም ምንም አልተናገርሁም፤ ተመልሼ ተቀመጥሁና ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

መደምደሚያ

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኔም በግድግዳችን ላይ ያለውን ወርቅ ያወቅሁት ከሩቅ አገር በመጣ ትንሽ መሣሪያ ምክንያት ነው። ስለዚህ የባዕድን ነገር መማር የራስን ያስረሳል የሚሉትን አልደግፍም፤ ተማሪው ጠያቂ ከሆነ ወደ ራሱም ሊመልሰው ይችላል። የማዴይራ ሰዎች መሣሪያ ለሐዋይ ዜማ እንደ ጠቀመ ሁሉ፣ የሐዋይ ኡኩሌሌም ለእኔ የትዝታን ቅኝት ጠቁሞኛል።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፣ ኡኩሌሌ ባይኖራችሁ አትዘኑ። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ በግድግዳው ላይ፣ በሣጥኑ ውስጥ ወይም በሽማግሌው ጆሮ ውስጥ ሳይጠየቅ የኖረ ዕውቀት እንዳለ ጠይቁ። ወላጆችም ልጆቻችሁ ክር ሲነካኩ ብታዩ አስቀድማችሁ ጥናታቸውን ተቈጣጠሩ፤ ያ ከተሟላ ግን ሩብ ሰዓት አትንፈጓቸው። ማንም ተማሪ ጓደኛውን «የአዝማሪ ልጅ» ብሎ ለመስደብ ቢቃጣ ደግሞ፣ በዚያች ቃል ምክንያት አንድ ክራር ስንት ዓመት ዝም ብሎ እንደ ኖረ ያስታውስ።